ከሩቅ የሚሰማው ማይክ

ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ ልጃችሁ አንድ ቀን «መዝፈን እፈልጋለሁ» ካለቻችሁ ወይ እሺ በሉ፣ ወይ እምቢ በሉ። እኔ መካከል ላይ መቆም አማረኝና «እሺ፣ ነገር ግን ማይኩን የምመርጠው እኔ ነኝ» አልኩ። በዚህች አንዲት ንግግር የተነሳ በካርቱም የግንቦት ሙቀት የሰው ማቀዝቀዣ ያጠፋሁ፣ የሰው ወጥ ከእሳት ያስወረድኩ፣ የማላውቃትን እመቤት ገመና ለመንገደኛ ያሰማሁ ሰው ሆኛለሁ።

ስለራሴ ትንሽ ልናገር። አል-ሳሃፋ ሰፈር ሙከይፍ እጠግናለሁ። ሙከይፍ ማለት መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣ ነፋሱን በእርጥብ ገለባ ውስጥ እየሳበ ቤት የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ኤሌክትሪክ እየነዘረኝ ነው የተማርኩት። ዐረብኛ ማንበብም የለመድኩት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። እስከ ዛሬ «ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሱዳኖቹ ራሳቸው አሳምሬ እጽፋለሁ። በዚህ ምክንያት ሰው ከጨከነ ራሱን የማያስተምረው ነገር የለም ብዬ አምናለሁ፤ ቤቴም ውስጥ ይህንኑ እሰብካለሁ። ባለቤቴ ስብከቱን መጀመሬን ስታይ ሽንኩርት ልትከትፍ ትነሳለች። የእኛ ቤት ወጥ ሽንኩርት የሚበዛበት ለዚህ ነው።

ልጄ ትርሲት እዚሁ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋና ዐረብኛዋ በአንድ ድስት ነው የሚበስሉት። «ያባ» ትለኛለች፤ «አባባ በይ» ስላት «ኻላስ፣ ያባ» ትላለች፤ «እሺ፣ በቃ» ማለቷ ነው። በቤቴ «ወላሂ» ማለት ክልክል ነው፤ ስትደነግጥ ግን ያመልጣታል። ትምህርቷን ስትጨርስ እናቷ ሪያድ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ልጆች የምትጠብቅበት ቤት አገኘችላት። ሥራው አዳር ነው። እመቤቲቱ «ከቅዳሜ ጀምሮ ትግባልኝ» ብላ ነበር። ትርሲት ግን መግባት የምትፈልገው ሌላ ቤት ነው፤ እትዬ ዘውዴ ቤት።

እትዬ ዘውዴ በዕድሜ እኔን የሚበልጡ፣ ኃይለኛ፣ እዚሁ ሰፈራችን ምግብ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሐበሻ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት በሚወጡበት ጊዜ፣ ምግብ ቤቱ ትንሽ የዘፈን ክበብ ይሆናል። ወጥ ቤቱ ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ጥግ ላይ «መድረክ» የሚሉት ነገር አለ፤ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን የተሰበረ ደረጃ መስሎኝ ነበር። እትዬ ዘውዴ ለልጄ አንድ አርብ ሰጧት። «እንግዶቼ ቁጭ ብለው ካዳመጡሽ አርብ አርብ ያንቺ ነው። እየተነሱ ከወጡብኝ ግን ሌላ ልጅ አለችኝ» አሏት። የአርብ ማግስት ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሪያድ ነው።

እኔ በአፌ ስናገር የከረምኩት «ሪያድ ጨዋ ሥራ ነው፣ ዘፈን ግን ነፋስ ነው» እያልኩ ነው። ሰውነቴ ግን ያን ሳምንት አላርፍ አለ። ብሎን በእጄ ይዤ ብሎን እፈልጋለሁ። ቁጭ እልና እነሳለሁ፤ ከተነሳሁ በኋላ ለምን እንደተነሳሁ ይጠፋኛል። ትርሲት የምትተኛበትን አልጋ አልፌ ወደ በር እሄዳለሁ፣ ከበር ተመልሼ አልጋውን አያለሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ሙቀቱ ነው» እላለሁ። ካርቱም በዚህ በኩል ደግ ከተማ ናት፤ ሰው መናገር ያቃተውን ሁሉ በሙቀቱ ላይ ማላከክ ይችላል።

የማይኩ ነገር እንዴት መጣ? እትዬ ዘውዴ ቤት ያለውን ማይክ ሄጄ አየሁት። ራሱ የተጨረመተ፣ አንገቱ በጥቁር ፕላስተር የታሰረ፣ የስንቱ ከንፈር ቀለም የደረቀበት። ዘፋኞቹ ሲይዙት ደግሞ፣ ይቅር በሉኝና፣ ሊጎርሱት ነው የሚደርሱት።

«ይኼ መዝፈን አይደለም፣ መሳም ነው» አልኩ ቤት ስገባ።

«ያባ፣ ካልተጠጋኸው እኮ አይሰማም» አለች ትርሲት። «አፉ አጠገብ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው። ለጠባብ ቤት ጥሩው እሱ ነው። ሙሉጌታ ነው የነገረኝ፤ ወላሂ...»

«ምን ብያለሁ?»

«በእውነት።»

ሙሉጌታ የእትዬ ዘውዴ ቤት ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ፀጉሩ ትከሻው ድረስ ነው፤ እኔ ደግሞ ማበጠሪያ የማያውቅ ሰው ምክር አልቀበልም። ጨዋ ልጅ የምትዘፍንበት ማይክ ክንድ ያህል ራቅ ብላ፣ ቀጥ ብላ፣ እጆቿን አጣምራ የምትቆምበት መሆን አለበት አልኩ። እንደዚህ ያለ ማይክ በዓለም ላይ ከሌለ ትቀራለች፤ ካለ አገኘዋለሁ። ባለቤቴ ሽንኩርቷን አነሳች።

ገበያ ወጣሁ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ በራፉ ላይ የሰው ቁመት ያለው ስፒከር አቁሟል። ሻጩ ማይኩን አበራና «ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ዋሒድ፣ ኢትኔን» እያለ ይቆጥራል። ንዴቴ መጣ። ትልቅ ሰው ድምፅ የሚያጎላ ነገር በእጁ ይዞ አንድ ሁለት ይቆጥራል? ሰው ይህን ዕድል ካገኘ ቁም ነገር ይናገርበት እንጂ! ተቀበልኩትና በአማርኛ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ወገኖቼ! ያለንበት አገር የሰው አገር ነው። ጊዜያችሁን በከንቱ አታሳልፉ። ዛሬ ያልተዘጋጀ ነገ ያለቅሳል» አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ጥሩ ነበር።

ዞር ስል ከኋላዬ ሰው ቆሟል። አንድ የእኛ አገር ሰው ሪክሻውን፣ አገር ቤት ባጃጅ የሚሉትን፣ ሞተሩን ሳያጠፋ አቁሞ ወርዷል፤ ሦስት ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ሌሎችም ከማዶ እየተሻገሩ ነው። ወዲያው ገባኝ። ካርቱም ውስጥ በድምፅ ማጉያ አማርኛ ከተሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ ኢቃማ የሚሉት።

«አባት፣ የኢቃማ ምሕረት ወጣ?» አለች አንዲት ቀይ ሻርፕ የጠመጠመች ሴትዮ።

«ማይክ እየሞከርኩ ነው።»

«ታዲያ ነገ ያለቅሳል ያልከው ማን ነው?»

«ማንም። እንዲያው ምክር ነው።»

«እስከ መቼ ነው ቀኑ?»

«የምን ቀን? እህቴ፣ ለልጄ ማይክ ልገዛ ነው የመጣሁ። ልጄ ዘፋኝ... ልትሆን ነው መሰለኝ።»

ባለሪክሻው ሳቀ። «አይ ፋዘር፣ ዘመድ ዘመድህን ብቻ ልታስገባ ነው አይደል?» አለኝ።

ሰው እውነቱን ሲነግሩት ከመጠራጠር የሚከፋ ነገር የለም። ከሱቁ ስወጣ ተከተሉኝ። ፈጠን ስል ፈጠን አሉ። ቀይ ሻርፕ ያደረገችው ሴትዮ «ሲፈራ አታዩትም? ያውቃል!» ስትል እየሰማሁ የጨርቅ መደብሮቹን ዞሬ ሐጂ ባቢከር ሱቅ ውስጥ ተወሸቅኩ።

ሐጂ ባቢከር ለመስጊዶች የድምፅ ዕቃ የሚያቀርቡ ሽማግሌ ናቸው። ቀድሞ ሙከይፋቸውን ጠግኜላቸዋለሁ፤ «ያ ባሽመሃንዲስ» ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ ኢንጂነር ማለት ነው። ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ከዚያ በኋላ የሚነገረውን ሁሉ ያምናል። የምፈልገውን ነገርኳቸው፤ ጨዋ፣ የማይሳም፣ ከሩቅ የሚሰማ።

አንድ ቀጭን አንገት ያለው፣ በሳጥን ውስጥ የተኛ ማይክ አወጡ። «ይኼ የኢማም ነው» አሉኝ። «ኢማሙ ቆሞ ሲያነብ ይሰማዋል፣ ጎንበስ ሲል ይሰማዋል፣ ግንባሩን መሬት ላይ ሲያደርግም ይሰማዋል። ሞክረው።»

ሱቁ ዳር ድረስ ሄድኩ። ጎንበስ አልኩና በሹክሹክታ «ትርሲት» አልኩ። ስፒከሩ እንደ ትልቅ ሰው በረጋ ድምፅ «ትርሲት» አለ። ለምን የልጄን ስም እንደጠራሁ አላውቅም። ሐጂ ባቢከር «ለጠባብ ቤት ግን...» ብለው አንድ ነገር ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር፤ እኔ ግን ሳጥኑን ብብቴ ስር አድርጌ ነበር።

ቤት ወስጄ ከቴፓችን ስፒከር ጋር አገናኝቼ ሞከርኩት። ጎበዝ ሞካሪ ስለሆንኩ ሙከይፋችንን አጠፋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ባለቤቴን መጥበሻውን እንድታወርድ አዘዝኳት፤ ጎረቤታችን ፍየሏን እንድታርቅልን ለመንኩ። ትርሲት ከማይኩ ክንድ ያህል ርቃ፣ እጆቿን አጣምራ፣ የተማሪ መዝሙር እንደሚዘምር ሰው ቆማ ዘፈነች። ድምፁ እንደ ውሃ ጠርቶ ወጣ። አመሰገንኩ፤ ማይኩን ማለቴ ነው።

«ያባ፣ እትዬ ዘውዴ ቤት መጥበሻ ማን ያወርዳል?» አለችኝ።

«ይወርዳል» አልኩ።

አርብ ደረሰ። እትዬ ዘውዴ ቤት ጢም ብሏል፤ ባለቤቴም ግድግዳው ሥር ወንበር ይዛለች። ሪያድ ሰፈር የሚሠሩት ልጆች ነጭ በነጭ፣ ሽቶ በሽቶ ሆነው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ሰዓዳ የምትባል የወሎ ልጅ ጓደኞቿን ሰብስባ ስለ እመቤቷ ታወራለች። መስኮቱ ላይ ያለው ሙከይፍ፣ ራሴ የጠገንኩት ነው፣ እንደ ባቡር ይጮኻል። ሙሉጌታ ማይኬን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ይኼ ለስብሰባ ነው?» አለኝ። ፀጉሩን አየሁና ማይኩን ከእጁ ወሰድኩት።

ትርሲት ቆመች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ስፒከሩ «ዊይይይይ» ብሎ ጆሮ በሳ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ጩኸቱ ሲቆም ደግሞ ቤቱ በሙከይፍ ድምፅ ተሞላ፤ ማይኩ ሰምቶት ነው። ችግሩ የሙያዬ ነውና ዘልዬ ሙከይፉን አጠፋሁት። ግንቦት ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ቀጥሎ ስፒከሩ ሽንኩርት መጥበስ ጀመረ። «ቸስስስ» ይላል፤ ማይኩ መጋረጃውን አልፎ ወጥ ቤት ገብቷል። ሄጄ «እትዬ፣ እባክዎ ለአንድ ዘፈን ያህል ያውርዱት» አልኳቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቤት ዘፈን ነው ወጥን የሚጠብቀው ወይስ ወጥ ነው ዘፈንን የሚጠብቀው?»

«ለልጅቷ ስንል።»

ለልጅቷ ሲሉ አወረዱት፤ ጭልፋውን ግን እንደ ዱላ ይዘው ወጡና መጋረጃው ስር ቆሙ።

ትርሲት እንደገና አፏን ከፈተች፤ ስፒከሩ እንደገና ጮኸ። ሙሉጌታ «ጋሼ፣ ስፒከሩና ማይኩ ተፋጥጠው ነው፤ እኔ ዘፈን የምቀበልባት ማይክም ታባብሰዋለች» አለ። የእሱን ማይክ ነቀልኩት። ስፒከሩን አንስቼ፣ ጀርባውን ለማይኩ ሰጥቼ፣ መስኮቱ ላይ ወደ መንገድ አዞርኩት። ጩኸቱ ቆመ። በራሴ ኮራሁ። ላቤን ጠረግኩና አምፕሊፋየሩ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆምኩ።

በዚህ መካከል ግን ማይኩ ሥራ አልፈታም ነበር። ሰዓዳ ወሬዋን ቀጥላለች፤ እመቤቷን ስትመስል ደግሞ በዐረብኛ ነው። ድምፅዋ በመስኮቱ በኩል ለሰፈሩ ሁሉ ይፈስሳል። እመቤቲቱ «ልክሳ» ብላ ባሏ ፊት ጣፋጭ አትቀምስም አሉ። በስውር የምታስገዛውን፣ በማር የተነከረውን ብስኩት የምትደብቀው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ነው። ሰዓዳ ሳታይ የባልየውን ነጭ ጀላቢያ ከላዩ ጨምራ አጠበችው። ባልየው ለብሶት ሠርግ ቤት ሄደ፤ የሠርጉ ዝንብ በሙሉ ሙሽራውን ትቶ እሱን አጀበው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት ያሉት ዓም ሐሰን (ዓም አጎት ማለት ነው) ናቸው፤ አርብ ከቀትር በኋላ የሚተኙ ሽማግሌ። እትዬ ዘውዴ በጭልፋው የገዛ ደረታቸውን መቱ። «ጉዴ ፈላ፣ ሊከሱን ነው!»

ዓም ሐሰን ግን የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ገቡና ሰዎቹን ሁሉ በዐይናቸው አዳርሰው «ከዚያስ? ባልየው ምን አለ?» አሉ በዐረብኛ።

ሰዓዳ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣለች። «ወይኔ! እስከ መንገድ ድረስ ነው? ያ ሾፌራችን ከሰማ አለቀልኝ!» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ጓደኞቿም ቦርሳቸውን አነሱ። አንዷ «በዚህ ሙቀት ደግሞ» አለች። አንዷ ቆመች። እትዬ ዘውዴ ትርሲትን አዩዋት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ትርሲት ግን ማንንም አላየችም፤ እጆቿን አጣምራ፣ እኔ ባልኳት ቦታ፣ ክንድ ያህል ርቃ፣ ላቧ እየተንቆረቆረ ቆማለች። ዐይኗ መሬት ላይ ነው። ሪያድን አየሁ። አልጋዋን ባዶውን አየሁት።

«ዝፈኚ» አልኳት። ሌላ ነገር ልላት ነበር።

ዘፈነች። የሠርግ ዘፈን ነው፤ ሚዜዎች የሙሽራዪቱ ደጅ ሲደርሱ የሚባል። አውጪዋ «ከደጅ ያለው ማነው?» ትላለች፤ ተቀባዮች «እኛ ነን፣ ክፈቱ!» ይላሉ። እናቷ ልብስ ስታጥብ ስትዘፍነው ሰምታ የለመደችው መሰለኝ። ይህ ዘፈን ተቀባይ ካጣ እጁን ዘርግቶ እንደቀረ ሰላምታ ነው። ተቀባዩ ደግሞ ሙሉጌታ ነበር፤ ማይኩን የነቀልኩበት ሙሉጌታ። አኩርፎ ኪቦርዱን ብቻ ይነካል።

«ከደጅ ያለው ማነው?» አለች ልጄ። ዝም። ቤቱ ዝም፣ ሙከይፉ ዝም፣ ወጡ ዝም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። እኔ ቤቴ ውስጥ ዘፈን የማላወራ፣ የሠርግ ካሴት ሲከፈት ዜና የምጠይቅ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ግን የሰፈራችን ሚዜዎች ያለ እኔ ደጅ አያስከፍቱም ነበር። ያ ነገር ከአፌ ሳይሆን ከደረቴ ወጣ። ከንፈሬን እምብዛም ሳልከፍት፣ እንደማጉረምረም፣ «እኛ ነን፣ ክፈቱ» አልኩ።

ማይኩ ሰማ። ግንባሩን መሬት ላይ ያደረገ ሰው የሚሰማ ማይክ እኔን ይስታል? ስፒከሩ መስኮቱ ላይ ሆኖ፣ በወፍራምና ትንሽ በተዛነፈ ድምፅ፣ አል-ሳሃፋን በሙሉ «እኛ ነን፣ ክፈቱ» አላት።

ሰው ሁሉ ወደ ሙሉጌታ ዞረ። ሙሉጌታ ከንፈሩን በጣቱ እያሳየ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሁሉ ወደ ዓም ሐሰን ዞረ፤ እሳቸው አማርኛ አይችሉም። ባለቤቴ ብቻ ወደ ማንም አልዞረችም፤ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ የማጠብቅ መሰልኩ።

ትርሲት አየችኝ። ሳቋን ዋጠችና ጮክ ብላ፣ አሁንስ ሆን ብላ፣ «ከደጅ ያለው ማነው?» አለች።

ከንፈሬን በጥርሴ ያዝኩ። በሩ ብርግድ አለ። ቀይ ሻርፕ ያደረገችው ሴትዮ ናት፣ ባለሪክሻውን ከኋላዋ አስከትላ። «እኔ ነኝ!» አለች እያለከለከች። «ድምፅህን ከመንገድ ለየሁት! የኢቃማው ነገር ወጣ አይደል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ሰዓዳ ቦርሳዋን ጣለች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሴትዮዋ የገባት ነገር የለም፤ ወንበር ሰጧት፣ ተቀመጠች። ትርሲት የማይኩን ማጥፊያ ፈልጋ አጠፋችው፤ እጆቿን ፈታች፤ ከዚያች ከተሰበረች ደረጃ ወርዳ ጠረጴዛዎቹ መካከል ገባች። በባዶ ድምፅዋ «ከደጅ ያለው ማነው?» አለች። ቤቱ በሙሉ «እኛ ነን፣ ክፈቱ!» አላት። ባለሪክሻው እንኳ እያጨበጨበ አለ። ከዚያ በኋላ ከመቀመጫው የተነሳ ሰው ለእስክስታ የተነሳ ብቻ ነው።

ሲያበቃ እትዬ ዘውዴ መጡ። «አርብ አርብ ነይ» አሏት ልጄን። ከዚያ ጭልፋውን ወደ እኔ አዞሩት። «አንተ ደግሞ ሙከይፌን አብራ። ያን ሁሉን ሰሚ ነገርህን ይዘህልኝ ውጣ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ምንም ነገር እንዳትነካ፤ ስትመጣ በሩ አጠገብ ነው ቦታህ።»

ቅዳሜ ጧት ባለቤቴ ሪያድ ደውላ ልጅቷ እንደማትመጣ ተናገረች። እኔ የብሎን ሳጥኔን ከፍቼ የምፈልገውን ወዲያው አገኘሁ። ማይኩን ለሐጂ ባቢከር መለስኩላቸው።

«አልሰማም እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ሰማ» አልኳቸው። «አፉ አጠገብ ካልሆነ በቀር የማይሰማ ካለዎት ይቀይሩልኝ።»

በቀየሩልኝ ማይክ ነው አሁን ልጄ የምትዘፍነው። ከንፈሯን አስጠግታ ነው የምትይዘው፤ ነገሩን አሁንም አልወደድኩትም፤ አርብ አርብ ራሱን በንጹሕ ጨርቅ እወለውላለሁ። ማይኩን ግን ወድጄዋለሁ። ትርሲት «ከደጅ ያለው ማነው?» ስትል እኔ በሩ አጠገብ፣ ሻይዬን ይዤ፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ እመልስላታለሁ። ማይኩ አይሰማኝም።